የማያስታውሱ ማሽኖች ጠባቂ

በዓለም ላይ አትንኩ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ሥራ አስኪያጅ ሳይሾምለት የሚከርም መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ሥራ የሌለው መሥሪያ ቤትማ ሞልቷል፤ አትንኩ የሌለው ግን ገና አልተከፈተም። ማተሚያው አጠገብ ቆሞ ወረቀት የሚጨምረውን ሰው እጅ በዓይኑ የሚከተለው እሱ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውለው፣ አዲስ ወንበር ሲገዛ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ከሰው ጋር የሚጣላውም እሱ ነው። «ደህና እየሠራ አይደል? ምን አድርጓችሁ ነው የምትነካኩት?» ሲል ሰምታችሁታል። ምናልባት አባታችሁ ነው፤ ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁጥሮቹ ሳይታዩ ዓመታት ያስቆጠረው።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነችው አሰልጣኝ የደረሳት አትንኩ ግን የአትንኩዎች ሁሉ አለቃ ነበር። ለክብሩ የሚመጥን ዙፋንም ነበረው፤ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል፣ እዚያ ውስጥ አንድ ቁምሣጥን፣ ቁምሣጥኑ ውስጥ አንድ ሰርቨር፣ ከሰርቨሩ ፊት አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር። ሠልጣኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል። ዞር ሲል አትንኩ ነው። እሱም ያውቃል፤ ስሙ ግን ደስ የሚለው ይመስላል።

ከመስታወቱ ወዲያ የአደጋ ጥሪ ተቀባዮች የሚሠለጥኑበት አዳራሽ ነው። ነገ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚልኩ ሰዎች ዛሬ እዚህ ማዳመጫ ደፍተው ከውሸት ጥሪ ጋር ይታገላሉ። አንድ ጆሮ ላይ ስልኩ ነው፤ ልጇ የሸሚዝ ቁልፍ የዋጠባት እናት ታለቅሳለች፣ ወይም ያለበትን ሰፈር የማያውቅ ሰካራም «እናንተ ንገሩኝ እንጂ» ይላል። ሌላው ጆሮ ላይ ሬዲዮው ነው፤ መንገድ የጠፋበት የአምቡላንስ ሾፌር በሚንጫጫ ድምፅ «በየት በኩል ልታጠፍ?» እያለ ይጨቀጭቃል። ሁሉም የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ለተጠየቀው የሚስማማውን መልስ እየመረጠ የሚያሰማው ማሽኑ ነው። ሠልጣኞቹን የሚያልባቸው ግን የእውነት ነው።

እነዚህ ኮምፒውተሮች ዲስክ የላቸውም። ድሮ ነበራቸው። ያኔ ሠልጣኝ ሁሉ ፍላሹን ይዞ እየመጣ ዘፈኑን፣ ፎቶውን፣ ጨዋታውን ይጭንባቸው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ማዳመጫ አድርገው በተቀመጡበት፣ «ቤቴ ተቃጠለ፣ ድረሱልኝ» የምትለው ሴትዮ መሃል ላይ ተቋረጠችና አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ስለ ውዱ ያንጎራጉር ጀመር። እንግዶቹ ሳቁ። አትንኩ አልሳቀም። በነጋታው ብሎን መፍቻውን ይዞ ከማሽን ማሽን እየዞረ ዲስኮቻቸውን ነቃቅሎ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። «ጥርስ እንደ መንቀል ነው» አለ ይባላል፤ «ሲነቀል ያማል፤ ከተነቀለ በኋላ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይተኛል።»

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ የራሴ የሚሉት ነገር የላቸውም። ጠዋት ሲበሩ ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም። በኔትወርክ ገመዱ በኩል እናትየዋን፣ ሰርቨሯን ማለት ነው፣ «እኔ ማነኝ? ሥራዬስ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እሷም «አንተ የጥሪ ማሽን ነህ፤ ይኸው ድምፅህ፣ ይኸው ጆሮህ» ብላ ሁሉን በገመድ ትልክላቸዋለች። ለሁሉም የምትልከው አንድ ዓይነት ነው። ቀን የተደረገባቸው ሁሉ ማታ ሲጠፉ አብሮ ይጠፋል። ድምፁን ከፍ ብታደርጉት፣ ፊደሉን ብታተልቁት፣ ስማችሁን ብትጽፉበት በነጋታው የለም። «ሰውም እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ይላል አትንኩ፣ «ዓለም ሰላም ነበረች። ቂም የለ፣ ትዝታ የለ። ጠዋት ይወለዳል፣ ማታ ይረሳል።»

የማብራቱ ሥነ ሥርዓት የክቡርነታቸው ብቻ ነበር። ጠዋት ሠልጣኞቹ ኮሪደር ላይ እያዛጉ ይጠብቃሉ፤ እሱ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ አንዱን ማሽን ያበራል፣ ስክሪኑ «ዝግጁ» እስኪል ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንድ ላይ ካበሯቸው ሁሉም አንድ ላይ ይጠይቋታል፤ እናትየዋ ለማን መልሳ ለማን ትተዋለች? «እናንተ ቤት እናታችሁን ሁላችሁ አንድ ላይ ታስጨንቋት ይሆናል» ይላቸዋል፣ «እኔ ቤት ግን ተራ አለ።» ማታ ደግሞ ሲወጣ በየማሽኑ ፊት ያለችውን አረንጓዴ መብራት እየተመለከተ ያልጠፋውን ያጠፋል። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም ይሉታል።

የሚለምነው ሰው አያጣም። አንዱ ሠልጣኝ ያስተካከለው የድምፅ መጠን በየጠዋቱ እየጠፋበት ተማረረ። አትንኩም ዛሬም እንደገና እንዲያስተካክለው፣ እጁ እንዳልተቆረጠ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ፎቶው ከአጭር የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ጋር በየስክሪኑ ላይ እንዲወጣ በትሕትና ጠየቀ። «አይሆንም» አለው አትንኩ፣ የአንዱን ማዳመጫ ማይክ በጨርቅ እየወለወለ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ይዞ ተመለሰ።

አሰልጣኟ ይህን ሰው ትፈራው ነበር። ወጣት ናት፤ እዚህ ከመመደቧ በፊት ራሷ ጥሪ ተቀባይ ነበረች። ስልክ ላይ ስትሆን ሕንፃ እየነደደበት ባለ ሰውዬ ጆሮ ውስጥ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ የምትገባ ድምፅ ነበረቻት። ከአትንኩ ፊት ስትቆም ግን ያች ድምፅ ትጠፋለች፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሁልጊዜ ትውጠዋለች። ለመነጋገር አስባ ሄዳ «ደህና አደሩ» ብላ የተመለሰችበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነርሷ መጣች።

ነርሷ ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት የሠራች፣ የጥሪ ክፍሉን ሥራ ፈልጋ የመጣች ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የግራ ጆሮዋ አይሰማም። «ግራ ጎኔን ለአማቴ ሰጥቻታለሁ» ትላለች፤ «በዚያ በኩል ተቀምጣ የፈለገችውን ትበል።» እውነተኛው የጥሪ ክፍል ውስጥ ይህ ምንም አይደለም፤ እዚያ ሬዲዮው በድምፅ ማጉያ ለሁሉም ይሰማል፣ ስልኩን በደህናው ጆሮ መያዝ ነው። የልምምዱ ማሽኖች ብቻ ናቸው ስልኩን በቀኝ፣ ሬዲዮውን በግራ ለይተው የሚልኩት። በመጀመሪያው ፈተና ሾፌሩ ሲጣራ ውሎ ሳትሰማው ወደቀች። በሁለተኛው ማዳመጫውን ገልብጣ ብታደርገው ሾፌሩን አገኘችና የሚያለቅሰውን ደዋይ አጣችው። እንደገና ወደቀች። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ በሩን ይዘጋል። ፈታኞቹ ደግሞ ከውጭ የመጣ ማዳመጫም ሆነ ገመድ አይፈቅዱም፤ መፈተን በማሽኑ ላይ ባለው ነው።

አሰልጣኟ ከሠለጠኑት ሁሉ እንደ ነርሷ ያለ አላየችም። የሚጮህ ሰው ይደውላል፣ ነርሷ ሁለት ቃል ትናገራለች፣ ሰውዬው መተንፈስ ይጀምራል። የተቀዳ ድምፅ እንኳ ለእሷ ሲሆን የሚረጋጋ ይመስል ነበር። ይህች ሴት በአንድ የድምፅ ማስተካከያ ምክንያት ወደ ቤቷ ከተመለሰች ምን ልሠራ እዚህ ቆሜያለሁ ብላ፣ አንድ ከሰዓት ድፍረቷን ሰብስባ ወደ መስታወቷ ክፍል ገባች።

የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነው፤ ነርሷ የምትቀመጥበት፣ ምሰሶው ሥር ያለው ማሽን፣ ሁለቱንም ድምፅ በሁለቱም ጆሮ እንዲልክ። በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን በጠፋ ቁጥር ይረሳል፤ በፈተናው ቀን ደግሞ ማስተካከያውን መንካት በደንቡ ክልክል ነው። ከፈተናው ዋዜማ እስከ ጠዋቱ እንዲቆይ ከተፈለገ እናትየዋ ጋ መጻፍ አለበት።

አትንኩ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ የእኩልነትን ነገር ያወራ ጀመር። ሁሉም ማሽን አንድ መሆኑ የዚህ ቤት ምሰሶ እንደሆነ፣ ዛሬ ለአንዱ ጆሮ ነገ ለሌላው ዓይን እንደሚባል፣ ከነገ ወዲያ ማን የትኛው ማሽን ላይ ምን እንደተደረገ የሚያስታውስ እንደሚጠፋ፣ ያ ዘፋኝም የገባው እንዲሁ «አንዴ ብቻ» በሚል ሰው እንደነበር አስረዳት። ነርሷ ምን ዓይነት ችግር እንዳለባት ጠየቀ፤ ስትነግረው በጣም እንዳዘነ ነገራት፤ ማዘኑ ግን ሌላ፣ ሥራ ሌላ እንደሆነ ጨመረ። የቱ ጆሮ እንደሆነም ጠየቀ፤ ለወሬ ያህል። በመጨረሻ «ስለዚህ አይሆንም፣ ልጄ» አላት።

እሷም እሺ ብላ ወጣች። ኮሪደር ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ እልህም መጣ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት የምታደርገው ነገር ተንኮል ነው።

በዚያው ሰዓት ምሰሶው ሥር ያለውን ማሽን በገዛ እጇ አስተካከለችው። ነርሷን አስቀምጣ ሞከረች፤ ሁለቱም ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ማሽኑን አላጠፋችውም። ስክሪኑን ብቻ አጠፋች፤ ያችን አረንጓዴ መብራት ደግሞ በጥቁር ፕላስተር ሸፈነቻት። አትንኩ ማታ አዳራሹን በዓይኑ ሲቃኝ ነጥብ አላየም፤ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ የእሷ ሕይወት ሕይወት አልነበረም። ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድማ ትመጣለች። አትንኩ ከመስኮቱ ጥግ እያበራ እያበራ ምሰሶው ጋ ሲደርስ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «ይችን እኔ አበራኋት» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለው እንደ ተሰረቀ ሰው አያት። «ማን ፈቀደልሽ?» አላት። ተራዋ ሳይደርስ አንዷን ማብራት ሌሎቹን እንደሚያስቀይም፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአሰልጣኝ እንደማይጠበቅ እስከ ምሳ ድረስ በየደረሰበት አነሳው። በማግሥቱም «አበራኋት» አለችው። በሦስተኛው ጠዋት ምንም ሳይል አልፏት ሄደ፤ ይሄ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ አስፈራት። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ሶኬቱ በተጠጋች ቁጥር አሰልጣኟ ከወንበሯ ትነሳለች። መብራት ሲርገበገብ ግድግዳውን ይዛ ትቆማለች። ቤቷ ሆና ዝናብ ሲጥል ስለ ጣራ አትጨነቅም፤ ስለ ትራንስፎርመር ነው።

ነርሷ ግን በየቀኑ እየተሻሻለች ሄደች። ስልኩንም ሬዲዮውንም እያቀናበረች፣ ለደዋዩ እየመለሰች፣ ሾፌሩን እየመራች፣ መሃል ላይ ማስታወሻ እየያዘች ትሠራለች። አሰልጣኟ ከኋላዋ ቆማ ትመለከታታለች፤ በልቧ «የእኔ ሥራ ነው» ትላለች። ከመስታወቱ ወዲያ አትንኩም ነርሷን ሲመለከት ታየዋለች፤ ፊቱ ላይ ደስ ያለው ሰው መልክ ነበረ። ይህም ከጭካኔው ቆጠረችለት። በሰው ችግር የሚደሰት ሰው ብላ ለእናቷ በስልክ ነገረቻት፤ እናቷም እንዲህ ያለ ሰው እነሱ መሥሪያ ቤትም እንደነበረ፣ ጡረታ ሲወጣ ግን መላው ቢሮ እንዳለቀሰ ነገረቻት። አሰልጣኟ ስልኩን በቁጣ ዘጋች።

የፈተናው ጠዋት ፈታኙ መጣ። ጸጉሩ ተስተካክሎ የተበጠረ፣ ትሕትናው የሚያስፈራ ሰው ነው። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ ከኋላ ተቀምጦ ከተፈታኝ ተፈታኝ እየተዘዋወረ ያዳምጥ ጀመር። ተፈታኞቹ ሁሉ በየማሽናቸው ናቸው፤ ትርፍ ማሽን የለም። ነርሷ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች። አሰልጣኟን ዞር ብላ አይታ «አማቴን ቤት ትቻት መጥቻለሁ» አለቻት። ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ።

የነርሷ ጥሪ ጀመረ። አባቱ ደረጃ ላይ የወደቀበት ወጣት ነው የሚደውለው። በመጀመሪያ ሁሉ ደህና ነበር፤ አድራሻውን ወሰደች፣ አምቡላንሱን አስነሳች። «አባትህ ይተነፍሳሉ?» ብላ ጠየቀች። መልስ የለም። እንደገና ጠየቀች። ዝም። ሦስተኛ ልትጠይቅ ስትል የመጀመሪያው መልስ መጣ፤ ከኋላው ሁለተኛው ተደርቦ መጣ፤ ሾፌሩም በላያቸው ላይ ገባ፤ ድምፆቹ እንደ ተጠላለፈ ክር አንድ ላይ ተቋጠሩ። ነርሷ በመዳፏ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫነች። ወጣቱ አሁን የሚመልሰው ቀደም ሲል ለተጠየቀው ነው፤ እሷ የምትጠይቀውን ገና አልሰማም። አባቱ እስትንፋሳቸው ቆሞ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ የማያውቀው ወጣቱ ሳይሆን ማሽኑ ነው።

ከኋላ ፈታኙ ቀና አለ።

ነርሷ እንደ ደንቡ እጇን አነሳች። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። አሰልጣኟ ወደ ምሰሶው ሮጠች። አትንኩ ከመስታወቷ ክፍል ወጥቶ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ እጁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ዘረጋ። እሷ በማሽኑና በእሱ መካከል ገብታ ቆመች።

«አይንኩት» አለችው።

ያች የምትጠፋው ድምፅ አልጠፋችም። አዳራሹ በሙሉ ሰማት፤ ማዳመጫ ያደረጉት እንኳ ዞር አሉ። አትንኩ በዕድሜው ሙሉ ሲናገረው የኖረውን ቃል ከሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚሰማ ያን ጊዜ ያወቀ መሰለ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ ማሽኑን፤ ከዚያ ዓይኑ ጥቁሩ ፕላስተር ላይ አረፈ። በጥፍሩ ጫፍ ላጠው። አረንጓዴዋ ነጥብ ብቅ አለች።

«ይሄ ማሽን ከመቼ ጀምሮ ነው የበራው?» አለ፣ በጣም በቀስታ።

«እምቢ ካሉኝ ቀን ጀምሮ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው አልተቆጣም፤ ይህ ነው የገረማት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ምስኪን ዲስክ እንደሌለው፣ የሰማውን ጥሪ ሁሉ በጭንቅላቱ እንደሚሸከም፣ የሚያራግፈውም ማታ ማታ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ስንት እናት፣ ስንት ሰካራም፣ ስንት ሾፌር አንድም ሌሊት ሳያርፍ ተጭኖበት ጭንቅላቱ ሞልቷል። መልስ የሚያዘገየው ለዚህ ነው።

«ካጠፉት ይረሳል» አለች። «ከረሳ ሬዲዮው በግራዋ ይገባል። አልቆላታል፣ ጋሼ።»

ፈታኙ ተነስቶ መጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ማሽን ቢበላሽ ተፈታኟ እንደማትጠየቅ፣ ማሽኑ ሲነሳ ከዚያው ጥሪ እንደምትቀጥል በትሕትና አስረዳ። ሲነሳ ግን ሁለቱንም መስመር መስማት አለባት፤ ካልሰማች እሱ የሰማውን ይጽፋል። ሌላ የሚጽፈው ነገር የለውም።

ሠልጣኞቹ ሁሉ እያዩ ነው። አትንኩ ወደ እነሱ አየ። ከዚያ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ለአሰልጣኟ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አንቺው አጥፊውና አብሪው» አላት።

በዚያ አዳራሽ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ አያውቅም። ለምን አመነችው? ምናልባት ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። ምናልባትም ያ ሰው ያን ያህል ወደ ኋላ ሲመለስ አይታ ስለማታውቅ። ነርሷን አየቻት፤ ነርሷ ራሷን ነቀነቀችላት። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ተጫነች። አረንጓዴዋ ነጥብ ሞተች። ማሽኑ የሰማው ሁሉ፣ እሷ በእጇ ያስተካከለችው ጭምር፣ በዚያች ቅጽበት አለቀ።

እንደገና ተጫነች።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ወጣች፤ ማሽኑ ማንነቱን እየጠየቀ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ሁሉ ፈተና ላይ ስለሆኑ እናትየዋ ሥራ በዝቶባታል፤ ቶሎ አልመለሰችም። አሰልጣኟ ወደ መስታወቷ ክፍል አየች። አትንኩ ገብቶ ቁምሣጥኑ ፊት ቆሟል፤ ምንም አልነካም፣ ቆሟል ብቻ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚቆሙ ሰዎች። ሌላ መስመር ወጣ። ቆመ። ፈታኙ ብዕሩን ከፈተ። ነርሷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስክሪኑን ሳይሆን ከፊቷ ያለውን ምሰሶ እያየች ትጠብቃለች። የምሰሶው ቀለም አንድ ቦታ ላይ ተልጧል፤ አሰልጣኟም ሳታውቀው እዚያው ላይ አፈጠጠች። መስመሮቹ መሮጥ ጀመሩ። ስክሪኑ በራ፤ «ዝግጁ» አለ።

ፈታኙ ጥሪውን ከተቋረጠበት አስጀመረው። አሰልጣኟ ማዳመጫ የላትም፤ የምትሰማው ነገር የለም፤ ያላት የነርሷ ፊት ብቻ ነው። ፊቱ መጀመሪያ ምንም አላለም። ከዚያ ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እጇን አንስታ ደህናውን ጆሮዋን ነካ አደረገች።

«ሁለቱም እዚሁ ናቸው» አለች።

ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወጣቱን አባቱን በጀርባቸው እንዲያስተኛ አደረገች፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ነገረችው፤ አብራው ቆጠረች፤ በመሃሉ ሾፌሩን በኋላ በር አስገባችው። ፈታኙ ይጽፍ የነበረውን ትቶ ያዳምጥ ጀመር። ሲጨርሱ ማዳመጫውን አውልቆ ብቁ መሆኗን ጻፈ። ነርሷ ከወንበሯ ተነስታ ምሰሶውን አቅፋ ሳቀች።

አሰልጣኟ ወደ መስታወቷ ክፍል ሄደች። አትንኩ ማይክ እየወለወለ ነበር። ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«ምኑን?» አለ።

«ያደረጉትን።»

«እኔ ያደረግሁት ነገር የለም። እዚህ ቤት ማሽን ሁሉ እኩል ነው።» በሩን ገርበብ አደረገው፤ ከዚያ ማይኩን እያየ ነገራት። እናትየዋ እያንዳንዱን ማሽን በገመዱ መሰኪያ ቁጥር ለይታ ታውቀዋለች፤ ለአንዱ ለብቻው የሚነገር ነገር ካለ እሱ ሲጠይቅ ትነግረዋለች። እሷ እሺ ብላ የወጣች ዕለት፣ ገና ኮሪደሩን ሳትጨርስ ጽፎት ነበር። «ጠዋት ሲነሳ ያገኘዋል ብዬ ነው። ማታ እንደማታስተኚው በምን አውቄ?» አላት። በነጋታው ነርሷ ሁለቱንም መስመር ስትሠራ ሲያይ የእሱ ጽሑፍ የሠራ መስሎታል። እሷም የእሷ መስሏታል። ሁለቱ በመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ቆመው አንዲትን ሴት እያዩ፣ እያንዳንዳቸው በየልባቸው ሲኮሩ ሰንብተዋል። ማሽኑ ግን አንዴም ስላልጠፋ አንዴም አልጠየቀም፤ ስላልጠየቀም የተቀመጠለትን አልተነገረውም።

ቢነግራት ምን ነበረበት? አንዴ «ለእገሊት አደረገላት» ከተባለ ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ይዞ በነጋታው እንደሚመጣ ተናገረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሰው የሚፈራው አይሆንሜን ነው፤ ያች ቃል ከሄደች ምን ቀረኝ?» አለ። ከዚያ ፕላስተሩን አነሳና፣ ማሽን እንቅልፍ ስለ መንሳት፣ መብራት ስለ መደበቅ፣ ስለ ዘመኑ ወጣት ሁሉ ረጅም ንግግር አደረገላት፤ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ አትንኩ ክፋት እንደ አሰልጣኟ የሚያወራ የለም። ሠልጣኞቹ ገና ማማረር ሲጀምሩ እሷ ትቀድማቸዋለች፤ ግትር ናቸው ትላለች፣ ድንጋይ ናቸው ትላለች፣ የገዛ እናታቸው ብትለምናቸው እንኳ አንዲት ቁልፍ አያንቀሳቅሱም ትላለች። ሰዎቹ በጭካኔዋ ይደነግጣሉ። አንዳንዶቹ ለሰውዬው ማዘን ጀምረዋል።

በቅርቡ አናጢ የነበረ ሠልጣኝ መጣ። መጋዝ የቀኝ እጁን ጣቶች ወስዶበታል፤ የሬዲዮ መናገሪያዋ ቁልፍ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ በቀኝ በኩል ናት። አሰልጣኟ ፊት ለፊቱ ተስፋ እንዳያደርግ ነገረችውና ወደ መስታወቷ ክፍል ገባች። ነገሩን አስረዳች።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የአትንኩን አይሆንሞች መለየት ተምራለች። የእውነቱ አይሆንም አንድ ቃል ነው፤ ከሱ በኋላ ጨርቁን አንስቶ መወልወል ይጀምራል። ሌላኛው ረጅም ነው።

አትንኩ መነጽሩን አወለቀ። እኩልነት የዚህ ቤት ምሰሶ መሆኑን ጀመረላት። ዛሬ ለአንዱ ጣት ነገ ለሌላው ክርን እንደሚባል ነገራት። አናጢው የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ጠየቀ፤ ለወሬ ያህል። ስለ ሥርዓት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ድሮ ሠልጣኞች ጨዋነት አወራ። እሷ እግሩ በሚወላገደው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ፣ የምሥራች እንደሚሰማ ሰው አንድም ቃል ሳያመልጣት አዳመጠችው። በመጨረሻ «ስለዚህ አይሆንም፣ ልጄ» አላት።

አመስግናው ተነሳች፤ ነገ ጠዋት ቁልፏን በግራው በኩል እንደሚያገኛት ለአናጢው ልትነግረው ወጣች።